የቡላቅ ንጹሕ ቅጠል

በስምንት መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ሒጅራ፥ የጁማደል አኺር ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፥ ዐባይ ከዳርቻው ሸሽቶ ጭቃው እየተሰነጣጠቀ ሳለ፥ የቡላቅ ወደብ ከወትሮው ጸጥ ብሎ ነበር። ከላይኛው አገር ቅጠልና ሙጫ፥ ከታችኛው አገር ጨውና ሳሙና ጭነው የመጡ ጀልባዎች ሸራቸውን አጥፈው ተደርድረዋል፤ ጫኝና አውራጅ ግን የለም፤ ግማሹ ታሟል፥ ግማሹ ቀብር ሄዷል፥ የቀረውም ጆንያ ተሸክሞ ከሚሞት ቤቱ ተቀምጦ ሞቱን መጠበቅ መርጧል። ቸነፈሩ ከባሕር ዳር ከተሞች ተነሥቶ ካይሮ የገባው በብርዱ ወራት ማብቂያ ነበር፤ በብብትና በብሽሽት እብጠት ያወጣል፤ ያወጣበትም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ቀን አያይም።

የመድኃኒት ቅጠል ሻጮች አለቃ ሼኽ ኑዕማን ኢብን ዘይን በዚያ ማለዳ ሱቃቸውን ከፍተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ደርሷል፤ ጉልበታቸው ሲቀመጡም ሲነሡም ያማቸዋል፤ በአለቅነት ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተዋል፤ ከወንበሩ ያተረፉትም ቢኖር ሰው ሁሉ ከነገሩ ጋር ወደ እሳቸው መምጣቱን ነው። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች የተረፈላቸው ቡርሃን ባለፈው ወር በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። አልጋው ሥር ተንበርክከው ውሃ ሲያጠጡት ሰንብተው፥ ስድስቱን ቀብረውም አባት ልጁን ሲቀብር ምን እንደሚል ስላልተማሩ፥ ምንም ሳይሉ ቀበሩት። አሁን በቤታቸው የቀረችው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው የቡርሃን ሚስት ኡልፊያ ናት። ሼኽ ኑዕማን ከአላህ የሚለምኑት ነገር እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ያ ልጅ በሰላም ተወልዶ፥ ሲያለቅስ ሰምተው እንዲሞቱ።

የሚሸጡት ቅጠል ሰና ይባላል። ከአስዋን ወዲያ ካለው በረሃ የግመል ነጋዴዎች እየለቀሙ ያመጡታል፤ ሆድ የደረቀበት ሰው ጠጥቶት ያስቀምጠዋል፤ ከጥንት ጀምሮም ሞትን የሚመልስ ቅጠል ቢኖር ሰና ይሆን ነበር እየተባለ ይወደሳል። ከእሱ ጋር ግን አርጌል የሚሉት ሌላ ቅጠል ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ወፍራምና ሻካራ ነው፥ ሆድም ይቆርጣል። የሰና ቅጠል እግሩ ጋ አንዱ ጎኑ ዝቅ፥ ሌላው ከፍ ይላል፤ አርጌል ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው። ይህን የሚለዩት ቅጠል ለቃሚዋ ሰቢሓና ሴቶቿ ነበሩ፤ ሰቢሓ ራሷ ዓይኗ ከደከመ ሰባት ዓመት አልፎታል፥ ነገር ግን በጣቷ ዳብሳ አንድ አርጌል አያመልጣትም። እነሱ ለቅመው ሲጨርሱ ሼኽ ኑዕማን የጆንያውን አፍ በጭቃ ዘግተው በእንጨት ማኅተማቸው ያትሙበታል። ማኅተሙ ላይ የተቀረጸው አንድ ቃል ነው፤ «ንጹሕ» ይላል።

የሥራው ግማሽ ይህ ነበር፤ ሌላው ግማሽ የሻጩ አፍ ነው። የቡላቅ ቅጠል ሻጭ ለገዢ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ለማን ነው? ሆዱስ እንዴት ሰንብቷል? ሴት ከሆነች፥ ነፍሰ ጡር ናት ወይ? መልሱን ሰምቶ በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ሲሰጥም እንዲህ ብሎ ነው፤ አታፍሉት፥ ዘፍዝፉት፤ በጨርቅ አጥልሉት፤ ለቁርጠቱ ትንሽ እንስላል ጨምሩበት፤ አንድ ቀን ይበቃል፥ ቢበዛ ሦስት፥ ከዚያ ተዉት። ማርም ሲበዛ ይመራል። ከልኩ በላይ የጠጣው ሰው ውሃው ከሰውነቱ ያልቃል፥ ባቱን ይይዘዋል፥ ልቡ ይደልቃል፤ ወር ሙሉ የጠጣው ደግሞ አንጀቱ ሰነፍ ሆኖ ያለ ቅጠሉ አልሠራም ይላል። ስለ ነፍሰ ጡርማ የሼኽ ኑዕማን አባት ሲያስተምሯቸው፥ አንጀት ሲነቃ ማኅፀንም አብሮ ይነቃል ብለው ነበር፤ ስለዚህም በቡላቅ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ሰና የሸጠ ሰው ከሻጮች ማኅበር ይወጣል።

ቸነፈሩ ሲበረታ ሐኪሞቹ ሰውነቱ በክፉ ፈሳሽ የተሞላ ሰው ቀድሞ ይያዛልና ሆዳችሁን አጽዱ አሉ። በማግስቱ ከፉስጣጥ እስከ ቡላቅ ያለው ሕዝብ ሰና ፍለጋ ወጣ። ከሠላሳዎቹ ቅጠል ሻጮች ዐሥራ አንዱ ሞተዋል፤ የቀሩት ከማለዳ እስከ ዓሡር ሰላት ሲጠይቁ፥ ሲቆነጥሩ፥ ሲመክሩ ይውላሉ፤ ሰልፉ ግን አያልቅም። በሰልፉ ውስጥ የሚወድቅም ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ኸዋጃ ሩክን የመጣው። ኸዋጃ ሩክን የወደቡ ትልቁ መጋዘን ባለቤት ነው፤ ሼኽ ኑዕማን አባቱን ያውቁ ነበር፥ እሱንም በእቅፍ ሳለ አንሥተውታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው ታሪክ ሲሰማ ክፉውን ቶሎ ፈልጎ አግኝቶ ማረፍ ይወዳልና። ከሁለት ልጆቹ ቀብር የመጣ፥ ፊቱ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው የጨፈገገ፥ እንቅልፍ ያጣ ነጋዴ ነበር።

«ሼኽ፥ ሕዝቡ እርስዎ በር ላይ እየተጋፋ ነው የሚያልቀው» አለ አጠገባቸው እየተቀመጠ። «መጋዘኔ ውስጥ ሰባ ጆንያ አለ። በትንንሽ ወረቀት እንጠቅልለውና እርስዎ ያትሙበት። ማንም ከቅርቡ ይግዛ፥ ይሂድ።»

«ማን ይጠይቃቸዋል?»

«ምኑን?»

«ለማን እንደሆነ።»

«በዚህ ቀን ለጥያቄ ማን ጊዜ አለው?»

«ጊዜ የሌለው ሰው ሰና ባይጠጣ ይሻለዋል።»

ኸዋጃ ሩክን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ እንቢ ካሉ፥ ከከተማው በር ወዲያ ያሉት ሰዎች አርጌልና ገለባ ደባልቀው ይሸጡላቸዋል። ጀምረዋልም። እኔ እንኳ ንጹሑን ነው የምሰጠው፤ ሰቢሓ ትልቀመው፥ አንድም ቅጠል ሳትዳብሰው አይለፍ። የቱ ይሻላል? እርስዎ ይፍረዱ።»

ነገሩ እውነት ነበር። ሼኽ ኑዕማን መልስ ፈለጉ፤ መልሱም ነበራቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሉት የኖሩት ነው፤ ነገር ግን ከሆድ አንሥቶ ከአፍ ማድረሱ ተራራ የመውጣት ያህል ከበዳቸው። ልጃቸውን ከቀበሩ ሃያ አንድ ቀን ሆኗቸዋል፤ በእነዚህ ቀኖች ሁሉ እሺ ማለት ከመከራከር ይቀላቸው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን ነቅዟል። ማኅተሙን ከግድግዳው ላይ አውርደው ሰጡት።

ኸዋጃ ሩክን ቃሉን ጠበቀ። ሰቢሓና የቀሩላት አራት ሴቶች መጋዘኑ ውስጥ ገብተው ሰባውን ጆንያ ቅጠል በቅጠል ለቀሙት። ሼኽ ኑዕማን ሊያዩ በሄዱ ጊዜ ሰቢሓ እጇን ሳታነሣ በእርምጃቸው ድምፅ ለየቻቸው።

«ሼኽ፥ ማኅተምዎ ያምራል፤ አፍ ግን የለውም» አለች።

«አንቺ ያለሽ አፍ ለቡላቅ ሁሉ ይበቃል።»

«ይበቃ ነበር፤ ከቅጠሉ ጋር ጠቅልለው ቢሸጡኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሼኽ ኑዕማንም ቡርሃን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ነገሩ ግን በልባቸው ተሰንቅሮ ቀረ።

ማኅተም ያለበት ጥቅል በከተማው ተሰራጨ። ዳቦ ሻጩም፥ ጫማ ሰፊውም፥ የመታጠቢያ ቤቱ ጠባቂም ይሸጠው ጀመር። እናቶች እንደ ክታብ በልጆቻቸው አንገት ላይ አሰሩት። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ለሼኽ ኑዕማንና ለሰቢሓ አርጌል የለበትም ማለት ነበር፤ ለሕዝቡ ግን ንጹሕ የሆነ ነገር አይጎዳም ማለት ሆነ፤ የማይጎዳ ከሆነም ቢበዛ ይበልጥ ያድናል ማለት ሆነ። በዚያው ሳምንት ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ወደ በረሃው ወጥቶ ምሕረት እንዲለምን ከሱልጣኑ ግንብ አዋጅ ወጣ። ሰዎች ጾሙም ቅጠሉም እንዳይቀርባቸው ብለው በሱሑር ሰዓት፥ ጎሕ ሳይቀድ፥ ሰናውን አፍልተው እየጠጡ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ይውሉ ነበር። በበረሃው ሜዳ ላይ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሳለ ብዙዎች ወደቁ፤ ቸነፈሩ መጣባቸው ተባለ።

ሼኽ ኑዕማን ነገሩን ያወቁት በውሃ አመላላሹ በጃቢር ነው። ጃቢር የአቁማዳ ውሃ ተሸክሞ ቡላቅን ዐሥራ አምስት ዓመት ያጠጣ ጠንካራ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ከቀትር በፊት ግድግዳ ተደግፎ፥ ባቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አገኙት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ብብቱን ዳበሱ፥ ብሽሽቱን ጠየቁት፤ እብጠት የለም።

«ስንት ቀን ጠጣኸው?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ቀን ጠጣ ማን አለህ?»

ጃቢር በደከመ ዓይኑ አያቸው። «አትጠጣ ማን አለኝ?»

ሼኽ ኑዕማን ክንዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ደግፈው አነሡት። ቤታቸው ወስደው የገብስ ውሃ በጨውና በቴምር ማር አጠጡት፤ ቅጠሉን ከእጁ ነጠቁት፤ በአራተኛው ቀን በእግሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲወድቅ ባዩ ቁጥር ጠጋ ብለው እብጠት ይፈልጉ ጀመር፤ ከሦስቱ በሁለቱ ያገኙታል፥ በአንዱ አያገኙትም። እብጠት የሌለበትን ሰው ባገኙ ጊዜ የሚሰማቸው ከሐዘን የከፋ ነገር ነበር።

ወደ ኸዋጃ ሩክን ሄደው ሽያጩ ይቁም አሉት። እሱ ራሱ ትራስ ተደግፎ፥ ጉንጩ ጎድጉዶ፥ ከፊቱ የሰና ብርጭቆ አስቀምጦ ነበር፤ በየማለዳው እንደሚጠጣ ነገራቸው። ከዛሬ ጀምሮ አልሸጥም አለ፥ አልተከራከረም፤ የወጣው ግን ወጥቷል፤ ጥቅሉ ጊዛም፥ ፉስጣጥም፥ ከወንዙ ማዶም ደርሷል፤ ማን ከማን እንደገዛ የሚያውቅ የለም። ሼኽ ኑዕማን ብርጭቆውን አንሥተው መሬት ላይ ደፉት። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓሡር ሰላት በኋላ በገበያው መካከል እየቆሙ ይጮኹ ጀመር። ከሦስት ቀን በላይ አትጠጡ፤ የሚያስቀምጠው ሰው አይጠጣ፤ ሽማግሌና ሕፃን አታጠጡ፤ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። ድምፃቸው ድሮም ለስብከት አልተፈጠረም፤ ጉልበታቸውም ብዙ አላስቆማቸውም። ሰው ያዳምጣቸዋል፥ ይተያያል፥ ይሄዳል። አለቃው ቅጠሉ ሊያልቅበት ስለሆነ ሕዝቡን አስፈራርቶ ለሀብታሞች ሊያስቀረው ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ አንዲት ሴትም ፊት ለፊታቸው ቆማ፥ ማኅተሙ ያንተ አይደለም እንዴ? ያኔ የዋሸኸው ወይስ አሁን? አለቻቸው። ማኅተሜ አልዋሸም ብለው ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ነገሩ ረጅም ስለነበረ ሴትዮዋ አልጠበቀችም።

ኡልፊያ በዚህ ጊዜ ቡላቅ አልነበረችም። ሞት የጎረቤታቸውን ቤት ሲገባ፥ ማኅተሙን በሰጡ በማግስቱ፥ ሼኽ ኑዕማን ራሳቸው በታንኳ አሻግረው ኢምባባ እናቷ ዘንድ አድርሰዋት ነበር፤ ማዶ አየሩ ይሻላል፥ ሰውም ይሳሳል ብለው። ሲለያዩ ስለ ውሃው፥ ስለ እንቅልፏ፥ ስለ አዋላጇ መክረዋታል፤ ስለ ቅጠሉ ግን ምንም አላሉም። የቅጠል ሻጭ ምራት ናት፥ ታውቃለች ብለው ነው። እሷ ግን በቤታቸው በኖረችበት ሁለት ዓመት ሱቅ ገብታ አታውቅም፤ የምታውቀው ያን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን እንጨትና ሰው ሁሉ በእሱ የሚምል መሆኑን ነበር። ሼኽ ኑዕማን በወዲህኛው ዳርቻ ላይ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሲጮኹ በወዲያኛው ዳርቻ ያለችውን አላሰቡም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በጁማደል አኺር ሃያ አራተኛው ቀን፥ ፀሐይ ከፍ እንዳለች፥ አንድ ታንኳ ቀዛፊ መጥቶ ኢምባባ ይፈለጋሉ አላቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ወንዙን ሲሻገሩ ቀዛፊው ስለ ሞቱት ዘመዶቹ አወራቸው፤ ሼኽ ኑዕማን «ቸነፈሩ ጨረሳቸው ወይ?» እያሉ ይመልሱለት ነበር እንጂ ስሞቹን አልሰሙም።

የኡልፊያ እናት ዱሪያ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ሕፃኑ ጎሕ ሲቀድ ወርዷል፤ ወንድ ነበር፤ አላለቀሰም። ደሙ ግን እንቢ ብሏል፤ አዋላጇ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋ እጇን ታጥባ ሄዳለች። ዱሪያ ይህን ስትናገር ዕንባ አልነበራትም፤ በዚያ ወር ዕንባ ያለው ሰው በኢምባባም ጥቂት ነበር። ቁርጠቱ የጀመራት ከትናንት ወዲያ ነው አለች፤ ሰናውን በጠጣች በአምስተኛው ቀን።

«ሰና ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ የገዛሁላት፥ ከዳቦ ሻጩ። ቸነፈሩ ማዶ ደረሰ ሲባል ለልጁ ፈራን። የእርስዎ ማኅተም ስላለበት ሌላ ምን ያስፈልጋል አልኩ።»

ሼኽ ኑዕማን ገብተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ኡልፊያ ዓይኗን ገለጠች፤ ፊቷ ላይ ቀለም አልቀረም፤ ሲያዩዋት ግን የማፈር ያህል ፈገግ አለች።

«አባባ፥ ልጁን አላቆየሁልዎም።»

«አንቺ ቆይልኝ።»

«ያን ጥቅል» አለች ቀስ ብላ፥ «ማኅተምዎን አይቼ ነው። ሌላ ሰው ቢሰጠኝ አልነካውም ነበር። አጭበርብረው በስምዎ ነው የሸጡት፥ አይደል? ሌላ ነገር ደባልቀው።»

ጥቅሉ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ከግማሽ በላይ አልቋል። ሼኽ ኑዕማን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ሄዱ፤ ሻርባቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ቅጠሉን ዘረገፉበት። አንድ በአንድ እያነሡ እግሩን አዩ፤ ዳበሱት፥ አጠፉት፥ አሸተቱት። በሕይወታቸው አርጌል ለማግኘት እንደዚያ የጓጉበት ቀን አልነበረም። አንድ ብቻ፤ አንድ ወፍራም፥ ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነ ቅጠል ቢያገኙ፥ የሚረግሙት ሰው ይኖራቸው ነበር፤ ኸዋጃ ሩክንን፥ ወይ ዳቦ ሻጩን፥ ወይ የሰቢሓን ጣት። ሁሉም ወደ አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ፥ ስስ፥ አረንጓዴው ያልደበዘዘ፥ ምርጥ የበረሃ ሰና ነበር። አንድ እንጨት፥ አንድ የአሸዋ ፍሬ አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ለቀሙት፤ በሁለተኛውም ጊዜ ያው ነው።

ዱሪያ ከበሩ ሆና ትመለከታቸው ነበር። ሼኽ ኑዕማን ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምን አገኙ?» አለች ኡልፊያ።

አዎ አጭበርብረውናል ቢሉ ማንም አይከለክላቸውም ነበር። ለእሷም ይቀላት ይሆናል፤ ለእሳቸው ደግሞ በእርግጥ ይቀላቸው ነበር። ግን በዚያ ወር ከቀለለው ነገር ጋር ተስማምተው የደረሱበትን አይተዋል።

«ንጹሕ ነው፥ ልጄ» አሉ። «ቅጠሉ ምንም የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳይኖር እንዲሸጥ እሺ አልኩ። ነፍሰ ጡር እንደማትጠጣው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ላንቺ ግን አልነገርኩሽም።»

ኡልፊያ የሰማች አትመስልም ነበር። በኋላ እጃቸውን ፈልጋ ያዘችው። በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ሼኽ ኑዕማን በኋላ ዘመናቸው ሁሉ ያን ወቀሳ ፈልገው አላገኙትም።

«ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎ ነበር» አለች።

ከዓሡር ሰላት በፊት ሞተች። ዱሪያ ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከእናቱ ክንድ ሥር አስገባችው፤ አንድ ከፈን ለሁለቱ ሆነ። ሼኽ ኑዕማን ከቡርሃን አጠገብ እንዲያርፉ ስለፈለጉ በማግስቱ ማለዳ በታንኳ አሻገሯቸው።

በቡላቅ የጀናዛ ሰላት የሚሰገድበት ሜዳ መግቢያ ላይ በዚያ ወራት አንድ ጸሐፊ ይቀመጥ ነበር፤ ሥራው የሚያልፈውን ቃሬዛ መቁጠርና ቁጥሩን ማታ ወደ ላይ ማቅረብ ነው። ሰልፉ እስከ ወንዙ ዳር ደርሷል። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል አንድ ጭረት ጫረ።

«ይህቺን ከቸነፈሩ ጋር አትቁጠራት» አሉት ሼኽ ኑዕማን።

«ምን ገደላት ታዲያ?»

«ቅጠል።»

«ማን ሰጣት?»

«እኔ።»

ጸሐፊው ያኔ ቀና አለ። ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል፤ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አያቸው፤ ልብሳቸውን፥ ጢማቸውን፥ የያዙትን ቃሬዛ አየ።

«ሼኽ፥ ሐዘን ነው የሚያናግርዎ» አለ በለዘበ ድምፅ። «እኔ የታዘዝኩት ቃሬዛ እንድቆጥር ነው። ምን ገደለው እያልኩ ሁሉንም ልጠይቅ ካልኩ እስከ ነገም አልጨርስም።»

«እሺ፥ ግን ሁለት ናቸው።»

«ቃሬዛው አንድ ነው» አለና ለሚቀጥለው እጁን አወዛወዘ።

ከኋላ ያሉት ሰዎች እየገፉ ስለነበረ ሼኽ ኑዕማን አለፉ።

ቸነፈሩ በበጋው ሙቀት ቀስ በቀስ ጠፋ። ሼኽ ኑዕማን ማኅተሙን ከኸዋጃ ሩክን መጋዘን አስመጥተው ለማኅበሩ መለሱ፤ ከንጹሕ ከሚለው ቃል በታች ለማን እንደሆነ ጠይቅ የሚል እንዲቀረጽበት ለመኑ፤ የተረፉት ሻጮች ተመካክረው እንጨቱ ጠባብ ነው ብለው ተዉት። ከዚያ በኋላ አለቅነቱን ትተው በትንሿ ሱቃቸው ስድስት ዓመት ኖሩ። ገዢ ሲመጣ ሦስቱን ጥያቄ ሳይጨርሱ ቁንጥር አያወጡም ነበር፤ ሰዎችም የሚነዘንዙት ሽማግሌ እያሉ ይሸሿቸው ነበር፤ ከእሳቸው ይልቅ ምንም የማይጠይቀው ሱቅ ይሞላ ነበር። ውሃ አመላላሹ ጃቢር ብቻ በየቀኑ እያለፈ ሰላም ይላቸው ነበር።

ስለዚያ ዓመት የጻፉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። በየቀኑ ስንት ቃሬዛ እንደወጣ፥ ሕዝቡ በበረሃው እንዴት እንዳለቀሰ፥ መቃብር ቆፋሪ እንደጠፋ፥ የሰና ዋጋ ወጥቶ እንደወረደ አኑረዋል። ቅጠል ጠጥቶ የሞተ ሰው ግን በአንዳቸውም መጽሐፍ የለም፤ በዚያ ወቅት የሞተ ሁሉ በቸነፈር ሞተ፤ በንጹሕ ነገርም ላይ ማንም አልመሰከረበትም። ከእነዚያ ሺህ በሺህ ጭረቶች ስንቱ የቅጠል እንደነበረ ዛሬ ሊለይ የሚችል የለም። ሼኽ ኑዕማንም ቢሆኑ እስከ ዕለተ ሞታቸው በእርግጠኝነት የሚያውቁት ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ከሁለቱም ወደ መዝገብ የገባችው አንዷ ናት።